የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአባትን ፎቶግራፍ ከልጅ ልጆች ጋር ማዋሐድ

ጥያቄ፦ «አባቴ በ1962 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ከፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ቆመው የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለኝ። ካሬ ሲሆን ጎኑ 9 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ልጆቼ በዚያው ቦታ ከአያታቸው ጎን የቆሙ የሚመስሉበት አንድ ምስል ለቤታችን ግድግዳ መሥራት እፈልጋለሁ። ልጆቹን አንሥቼ በፎቶሾፕ ባዋሕድም፣ ጠርዙን የቱንም ያህል ተጠንቅቄ ብቆርጥ አባቴ የተለጠፉ ይመስላሉ። ጉድለቱ ምን ይሆን?» (ከጎንደር)

መልስ፦ ጉድለቱ ከአቆራረጡ አይመስለንም። አንድ ምስል የተለጠፈ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑና የካሜራው አቀማመጥ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ዓይን ትንሽ የጠርዝ ስሕተት ሊያልፍ ይችላል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ጥላቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲወድቅ ግን ምክንያቱን ባይረዳውም አንድ ነገር እንደተሳሳተ ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ ልጆቹን እንደገና እንዲያነሧቸው አጥብቀን እንመክራለን።

የተነሡበት ቀን መታወቁ ትልቅ ዕድል ነው። ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ስለሚውል ፀሐይ በዚያ ሰሞን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ታልፋለች። በጎንደር ፀሐይ ከሁሉ ከፍ በምትልበት ሰዓት፣ ይኸውም በጥር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል፣ ከአናት ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የቆመ ሰው ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ርዝመቱም የሰውየውን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህላል። በግንቦትና በሰኔ ግን ፀሐይ ከአናት በስተሰሜን ስለምታልፍ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። በዚያ ወቅት ፀሐይ ላይ ያነሧቸውን ልጆች ከአባትዎ ጋር ማስማማት እጅግ አድካሚ ነው። በበዓሉ ዕለት ቦታው በሕዝብ ስለሚጨናነቅ አንድ ሳምንት ቀደም ወይም ዘግየት ቢሉ የፀሐይዋ ከፍታ ልዩነት ከሁለት ዲግሪ አይበልጥም። ሰዓቱን ደግሞ ራሱ ግንቡ ይነግርዎታል፦ በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ የትኛው ገጹ እንደበራና የትኛው እንደጠቆረ አይተው ያንኑ እስኪያገኙ ይጠብቁ።

ቀጥሎ የካሜራው ቦታ ነው። ፎቶግራፉ ካሬ መሆኑን ስናይ፣ ከላይ ወደ ታች እየታየ ሆድ አካባቢ ተይዞ በሚያነሣ ባለሁለት ሌንስ ካሜራ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። እንደዚያ ከሆነ ሌንሱ ከዓይን ዝቅ ብሎ ስለነበር እርስዎም ካሜራዎን ዝቅ ያድርጉ። የአንሺውን መቆሚያ ለማግኘት የአሮጌውን ምስል ቅጂ ይዘው ይሂዱና ከፊት ያለ አንድ ነገርና ከኋላው ያለ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የደረጃው ጠርዝና የማዕዘኑ ግንብ፣ በምስሉ ላይ እንደሚታዩት እስኪጋጠሙ ድረስ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሱ። የነገሮችን አንጻራዊ መጠን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ እንጂ ሌንሱ አይደለም፤ ሌንስዎ ሰፊ ከሆነ ወደፊት ከመጠጋት ይልቅ በኋላ መከርከም ይሻላል።

የኮምፒውተሩ ሥራ ከዚህ በኋላ ይቀላል። ፎቶግራፉን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ቢያደርጉት በየጎኑ 2,100 ፒክስል ያህል ያገኛሉ፤ ይህም በ300 ዲፒአይ ሲታተም 18 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚሆን ለግድግዳ ኔጌቲቩን፣ ማለትም ፎቶግራፉ የታተመበትን ፊልም፣ ቢፈልጉት ይመረጣል። አባትዎን በኢሬዘር (በማጥፊያው) አይቁረጧቸው፤ በራሳቸው ሌየር (ከሌላው ምስል በላይ በሚነጠፍ ንብርብር) ላይ አድርገው ዙሪያቸውን በማስክ፣ ማለትም ሳያጠፋ በሚደብቅ መሸፈኛ፣ ይሸፍኑ፣ ስሕተት ቢፈጠር ይመለሳልና። የአሮጌ ኅትመት ጥቁሩ ስለሚደበዝዝ የአዲሱን ምስል ጥቁር በከርቭ (ጨለማና ብርሃኑን በሚያስተካክለው መሣሪያ) ወደዚያው ያቅርቡት፤ የፊልሙን ቅንጣት የሚመስል ኖይዝም (ደቃቅ ነጠብጣብ) ይጨምሩበት። በአባትዎ እግር ሥር ያለው ጥላ ከጫማው አጠገብ ጠቆር፣ ራቅ ሲል ደግሞ ለስለስ ያለ ይሁን።

ስለ ቀለም ያለንን አስተያየት አንሸሽግም። አባትዎን በራስ ሰር ፕሮግራም ቀለም አይቀቧቸው፤ ማሽኑ የሚሰጠው ግምት ነው፣ የልብሳቸውን እውነተኛ ቀለም አያውቅም። ልጆቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለውጧቸው ምስሉ የአንድ ቅጽበት ይመስላል፤ በቀለማቸው ቢተዋቸው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ዘመን በግልጽ ይታያል። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። በየትኛውም ቢሠሩት በጀርባው ላይ ሁለቱንም ዓመታት ይጻፉበት፤ የልጆችዎ ልጆች ምስሉን ሲያገኙ በእርግጥ አብረው የቆሙ እንዳይመስላቸው።

ጥያቄ፦ «ፎቶሾፕ የመግዛት አቅም የለኝም። በስልኬ ያስተካከልኩትን ምስልም ደጋግሜ ባስቀመጥኩት ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል።» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮምፒውተር ካገኙ ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ከላይ የጠቀስናቸው ሌየር፣ ማስክና ከርቭ ሁሉም አሉት። ጥራቱ የሚወርደው ጄፔግ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት መጠኑን ለማሳነስ በተቀመጠ ቁጥር የምስሉን መረጃ በከፊል ስለሚጥል ነው። ሥራው እስኪያልቅ በጊምፕ የራሱ ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ ያስቀምጡት፤ ጄፔግ የሚያወጡት ለማተም ወይም ለመላክ ሲፈልጉ ብቻ ይሁን፣ መጀመሪያ ያነሡትንም ፋይል ሳይነኩ ለብቻው ያኑሩት።