የሠርጉ ወር እና የበጎቹ መስክ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ እንግሊዝ አገር አግብታ እዚያው ገጠር ነው የምትኖረው። የባሏ አባት የመንደራቸውን ቤተ ክርስቲያን የጥንት የጋብቻ መዝገብ ሁለት ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንደኛው በ1748፣ ሌላው በ1790ዎቹ የተጻፈ ነው። በኋለኛው ገጽ ላይ በፊርማ ፈንታ መስቀል ያደረጉ አሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ በየጋብቻው ምስክር ነው። የእናት ስም የሚባል የለም። በፊተኛው ላይ «ኖቬምበር 1748» ካለ በኋላ ቀጥሎ «ጃንዋሪ 1748» ይላል። ጨምሮም በጎች የሚግጡበት መስክ ፎቶ ላከና «መዝገቡን ማንበብ የቻለ ሰው መስኩንም ያነበዋል» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?
ወ/ሮ ዘ.፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ወ/ሮ ዘ.፣ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የፈጀሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሰውዬው ያሉት እውነት ነው። ስሞቹን ለጊዜው ይተዉና ወሮቹን ይመልከቱ።

በዚያ ዘመን እህል በሚዘራበት የእንግሊዝ ገጠር ያላገቡ ወጣቶች በገበሬ ቤት ለዓመት ተቀጥረው እዚያው እየበሉ እያደሩ ይሠሩ ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ በሴፕቴምበር መጨረሻ ውላቸው ሲያልቅ የዓመቱን ደመወዝ ይቀበላሉ፤ ሠርጉም ኦክቶበር ላይ ይበዛል። በግና ከብት በሚረባበት አገር ግን የሥራው ጭንቅ የበጎች መውለጃ ወቅት ስለሆነ፣ ያ ካለፈ በኋላ ከኤፕሪል እስከ ጁን ይጋባሉ። ማርች ላይ ጋብቻው ያነሰ ከሆነ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ያለው ጾም ነው። እኛስ ዘንድ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ ሳይገባ ማን ይድራል? ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም አይድርም፣ በረመዳንም ሠርግ ብርቅ ነው።

አሁን የመስኩን ፎቶ አጉልተው ይዩት። ሣሩ ሥር መሬቱ ከፍ ዝቅ እያለ ረጃጅም መስመር ሠርቶ ከሆነ፣ በጎቹ የሚግጡት የድሮ እርሻ ላይ ነው። የእኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጥም። የእነሱ ግን ወደ ቀኝ እየገለበጠ፣ ገበሬውም ያንኑ ቁራጭ እየዞረ ሲያርስ አፈሩን ወደ መሐል ይከምረዋል፤ ይህ ለብዙ መቶ ዓመት ሲደጋገም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የታጠፈ መሬት ይወጣል። መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጫፍና ጫፉ ጠመም ያለ ከሆነ፣ ረጅም የበሬ ሰልፍ ዳር ላይ ለመዞር ቦታ ሲፈልግ የተወው ነው። በኋላ በተለይ ከ1750 እስከ 1850 ባለው ጊዜ ፓርላማው በየመንደሩ ሕግ እያወጣ፣ በየቁራጩ ተከፋፍሎ ይታረስ የነበረውን ሰፊ ማሳ በአጥር አስከለለው። በመካከለኛው እንግሊዝ ከዚያ ብዙው ወደ ግጦሽ ዞረ። እርሻው ግጦሽ ሲሆን የሠርጉም ወር ከኦክቶበር ወደ ጸደይ ይሸሻል። የልጅዎ አማት «መስኩንም ያነበዋል» ያሉት ይህንን ነው። በሁለት ገጽ ግን አይፈረድም፤ የትንሽ መንደር መዝገብ በዓመት የሚይዘው ጥቂት ጋብቻ ነውና ቢያንስ የሠላሳ ዓመቱን ይላኩልዎ።

መስቀሉ መፈረም ያልቻለ ሰው ምልክት ነው። ይሁንና ማንበብም አይችልም ማለት አይደለም፤ ያኔ ንባብ ከጽሕፈት ቀድሞ ስለሚያስተምሩ አንብቦ መፈረም የማይችል ሞልቶ ነበር። በ1748ቱ ገጽ ላይ ፊርማ የሌለው ገና ስላልታዘዘ ነው። መዝገብ መያዙ ራሱ የሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ካዘዘ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ሙሽሮቹ፣ ሁለት ምስክሮችና ቄሱ እንዲፈርሙ ያስገደደው ሕግ ግን በ1753 ወጥቶ ከማርች 25 ቀን 1754 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያ ሁልጊዜ ምስክር የሚሆነው ሰውዬም ምናልባት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው፤ እጁ ላይ ብዕር ስላለ ይጠሩታል። ዘመድ የሚገኘው በሁለተኛው ምስክር ነው፤ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም እህት ይሆናል።

ስለ ዓመቱ አይደናገሩ። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ነበርና ጃንዋሪ 1748 የመጣው ከኖቬምበር 1748 በኋላ ነው። ለእኛማ ምን ይገርማል፣ ኅዳርና ጥር መቼ ዓመት ተለያይተው ያውቃሉ!

የእናት ስም ነገር ግን እኔንም ያናድደኛል። በ1837 የመጣው አዲስ ቅጽ የሙሽሮቹን አባቶች ስምና ሥራ ጠየቀ፤ እናቶቹ በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ የገቡት ገና በሜይ 2021 ነው። ስለዚህ የሙሽራዋን እናት ከፈለጉ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ላይ ያስፈልጉ።

ለልጅዎ አማት ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በ1836 በወጣው የአሥራት ሕግ ምክንያት ለብዙ መንደር ካርታ ተሠርቷል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ቁጥር ተሰጥቶት፣ ባለቤቱ፣ የሚሠራበት ሰውና እርሻ ይሁን ሣር ተጽፎበታል። የመንደራቸው ካርታ ካለ በአውራጃው ቤተ መዛግብት ያገኙታል፤ የበጎቹን መስክ ቁጥር ከነመግለጫው ፎቶ አንስተው ይላኩልን።