መልስ፦ ኮድ ሳይጽፉ በኤአይ ስለተሠራው የታንኳ ጨዋታ

ወንድም ዓለም፣ «ጣና ላይ ታንኳ ከጉማሬ የምትሸሽበትን ጨዋታ ኤአይ ሠራልኝ፤ በእኔ ስልክ ደህና ነው፣ በጓደኛዬ ግን እንደ ጥይት ይሮጣል» ብለሃል። ምክንያቱ የስክሪኑ እድሳት ነው። ያንተ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የእሱ 120 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ታንኳዋ እጥፍ ትፈጥናለች፤ እርምጃዋ የተቆጠረው በጊዜ ሳይሆን በፍሬም (ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር በሚሣለው ምስል) ነዋ! እንዲህ ብለህ እዘዘው፦ «ፍጥነቱን በሰከንድ በፒክስል አስላ፤ ታንኳዋ 200፣ ጉማሬው 120። በፍሬም አትቁጠር።» ፒክስል የስክሪኑ ጥቃቅን ነጥብ ማለት ነው።

ሁሉንም በአንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል (ብራውዘር በሚከፍተው የድረ ገጽ ፋይል)፣ ታንኳዋንም በፎቶ ሳይሆን በቅርጽ እየሣለ እንዲሠራው ንገረው፤ ያኔ ኔትወርክ ቢጠፋም ይከፈታል። «ነጥብ» የሚለው ጽሑፍ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ ፋይሉ ላይ ዩቲኤፍ-8 (ብራውዘሩ የአማርኛ ፊደልን በትክክል እንዲያነብ የሚያደርገውን የፊደል አመዘጋገብ) እንዲጨምር ጠይቀው።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ግን አምስት ለውጥ ባንዴ ሲያዝ ነው፤ የቱ እንዳበላሸው አይታወቅም። አንድ ብቻ ጠይቅ፣ ሞክር፤ ከሠራ «ታንኳ 1»፣ «ታንኳ 2» እያልክ ለብቻው አስቀምጥና ቀጥል። ሲበላሽም «አልሠራም» ብቻ አትበለው። ያየኸውን ንገረው፦ «ቀኝ ጠርዝ ላይ ስደርስ ታንኳዋ ከስክሪኑ ወጥታ ትጠፋለች።»