ብራንድ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ላስገጣጥም? ሐዋሳ ላለችው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ እህታችን ሐዋሳ ውስጥ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ትሠራለች። እስካሁን ኤዲት የምታደርገው በላፕቶፕ ነበር። አሁን 4ኬ የሚቀርጽ ካሜራ ገዛችና ላፕቶፑ አልችል አለ። አዲስ አበባ መጥታ ዴስክቶፕ ስትጠይቅ አንዱ ሻጭ «ዩዝድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ውሰጂ፣ ብራንድ ነው፣ አይሞትም» አላት። ሌላው ደግሞ «በዚያው ብር አዲስ ዕቃ ገጣጥሜ እሰጥሻለሁ» አላት። ግራ ገባት።

እኔ እንጀራዬ ይኸው ነው። ቀን ቀን የመሥሪያ ቤት ብራንዶች እጠግናለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ለኤዲተሮችና ጌም ለሚጫወቱ ልጆች እገጣጥማለሁ። ስለዚህ ለአንዱ ወገን የማዳላበት ምክንያት የለኝም። ላንቺ መልሴን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ያቺን ኦፕቲፕሌክስ አትግዢ። ለሚገጣጥመውም ልጅ ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል) በእጅሽ ሳትይዢ ብር አትስጪው።

«አይሞትም» ያለሽ ሰውዬ ውሸታም አይደለም። ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው። ውጭ አገር ጥቂት ዓመት ያገለግላሉ። ድርጅቱ ዕቃ ሲቀይር በጅምላ ይሸጣሉ። ከዚያ በዱባይ በኩል ወይም በቀጥታ ከአሜሪካ ይገቡልናል። ድምፅ የላቸውም፣ መብራት አይበሉም። የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ስለሚመጣ ፎርማት ብታደርጊውም ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጽሕፈት ሥራ፣ ለትምህርት ቤት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ ይህንኑ እለዋለሁ።

ጄኔሬሽኑን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ ማየት ግን አይረሳ። ሻጭ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ብሎ ዝም ይላል። አይ7-6700 እና አይ7-7700 አራት ኮር ናቸው፤ አይ5-8500 ስድስት አለው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ፤ 6700 ማለት 6ኛ፣ 8500 ማለት 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶቹ በስተቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን በርካሽ ሲያቀርቡልሽ ይህን አስቢ።

ታዲያ ለምን አትግዢ አልኩሽ? ቀጭኗን ኦፕቲፕሌክስ ክፈቺያትና እዪያት። ጎኗ ያለ ካቻቪቴ ይከፈታል፣ ደስ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቢ ግን ብዙውን ጊዜ 200 ዋት ገደማ ነው የሚለው። ከሱ የሚወጡትን ገመዶች ተከተዪ። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለም። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውም ገበያ ላይ የለመድነው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ዴል ለራሱ ያበጀው ነው። ማገናኛ ገመድ አለ ይሉሻል። አዎ አለ፤ ትልቁ ፓወር ግን ቀጭኑ ሣጥን ውስጥ አይገባም።

ያለ ተጨማሪ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ምርጫሽ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ወይም ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ያሉ ትናንሽ ካርዶች ላይ ያበቃል። እነሱም አጭሩ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ እሱን ደግሞ እዚህ ማግኘት አበሳ ነው። ዛሬ ትገዢያታለሽ፣ ሥራ ሲበዛ ማሳደጊያ የላትም።

አሁን ወደ ገጣጣሚው። «ክሎን» እያልን ስንንቀው የኖርነው ዕቃ ዛሬ ለኤዲተር የተሻለው መንገድ ሆኗል፤ በደንብ ከተገጣጠመ። ችግሩ ሻጩ ሲዘረዝር ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ ይላል። ገዢም በነሱ ነው ዋጋ የሚያወዳድረው። ፓወር ሰፕላይ የሚጠይቅ የለም። ትርፉም እዚያ ይደበቃል።

ስለዚህ በእጅሽ ያዢው። ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎበት ከአንድ ኪሎ ስኳር የሚቀል ከሆነ መልሺለት። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እዪ። 12 ቮልት የሚለውን ፈልጊና ሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዢው። 20 አምፔር ካለ 240 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚስቡት ከዚያ ነው፤ ላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው 600 ጌጥ ነው። ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ያለው ጥሩ ነው፤ ግን ምልክቱን ራሱ ዝም ብለው የሚለጥፉ ስላሉ የሞዴሉን ስም ስልክሽ ላይ ፈልጊው። አንዳንዱ ርካሽ ፓወር ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነገር አለው። እሱ 115 ላይ ሆኖ እኛ አገር 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

አንድ ደንበኛዬ፣ እሱም የሰርግ ኤዲተር ነው፣ እንዲህ ያለ ፓወር የገባበት ማሽን ይዞልኝ መጣ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወሩ ፈንድቷል። ብቻውን ቢሞት ጥሩ ነበር፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኮቹን ይዞ ነው የሄደው። ሙሽሮቹ ገና ያልተረከቡት ቪዲዮ እዚያ ላይ ነበር። ከተቃጠለው ዲስክ ዳታ ለማውጣት የተጠየቀው ገንዘብ ጥሩ ፓወር ደጋግሞ ይገዛ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ፕሮሰሰሩ ነው፤ ይህ ለኤዲተር በተለይ። ሻጮች አይ5-12400ኤፍ ማቅረብ ይወዳሉ፣ ትንሽ ስለሚረክስ። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለው ኢንቴል አብሮት የሚሠራ ግራፊክስ የለውም። ለጌም ልጆች ችግር የለውም፤ ካርድ አላቸው። ላንቺ ግን ያ ትንሽ ግራፊክስ ወርቅ ነው። አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹት ኤች 265፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 የሚባለውን ፋይል (ቀለሙን በብዙ ዝርዝር ይዞ የተጨመቀ ቪዲዮ ነው) በሃርድዌር የሚፈታው፣ ማለትም ሳይንቀጠቀጥ እንዲጫወት የሚከፍተው እሱ ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 30 እና 40 ካርዶች ይህንን ዓይነት መፍታት አይችሉም፤ የቻለው በፈረንጆቹ 2025 የመጣው 50 ነው። ስለዚህ ኤፍ የሌለውን 12400 ያዢ። ካርድ ከገባበት በኋላ ደግሞ ብዙ ማዘርቦርድ የውስጡን ግራፊክስ ስለሚያጠፋው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ እንዲያበራልሽ ለገጣጣሚው ንገሪው። ይህን ሳያደርጉ «አዲሱ ማሽኔ ቪዲዮ ያንቀጠቅጣል» ብለው የሚመጡብኝ ብዙ ናቸው።

የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘንን ትጠላለህ ወይ ለሚለኝ፦ አልጠላም። ራይዘን 5 5600 ለዋጋው ግሩም ነው። ለዚህ ፋይል ግን ኢንቴል።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ራም 32 ጊጋ፣ ሁለት ባለ 16። ካርዱ ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ቢሆን፣ ዩዝድም ቢሆን። ፓወሩ እውነተኛ 550 ዋት ገደማ። ኤስኤስዲው 1 ቴራ፣ ለማከማቻ ትልቅ ሃርድ ዲስክ። ሣጥኑ መብራት ባያበራም ነፋስ የሚያስገባ ይሁን። ባለ ቀይ ሰማያዊ መብራቱን ሣጥን ትተሽ ልዩነቱን ፓወሩ ላይ ጨምሪበት።

ዋጋ ጠይቀሽኝ ነበር። ቁጥር አልጽፍልሽም። ብር በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ካለፈ በኋላ፣ የኮምፒውተር ዋጋ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ዙሪያ ተወዷል፤ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ጠራርገው እየወሰዱት ነው። ስለዚህ ስትደራደሪ መጀመሪያ የራሙን ዋጋ ጠይቂ፤ ሌላው በሱ ዙሪያ ይስተካከላል። አንዳንዴ 32 ጊጋ ያለው ዩዝድ ብራንድ ራሙ ብቻውን ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም።

ሁለቱም ሻጮች ያልነገሩሽ ሦስተኛ መንገድ አለ። ብራንድም ሆኖ ለከባድ ሥራ የተሠራ፣ ዎርክስቴሽን የሚባለው። ለምሳሌ ዴል ፕሪሲዥን 3630 ወይም ኤችፒ ዜድ2 ጂ4፣ ሁለቱም ታወሩ (ትልቁ ቋሚ ሣጥን)። 8ኛ ወይም 9ኛ ጄኔሬሽን ናቸው። ሣጥናቸው ሰፊ ነው፣ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይገባል። ፕሪሲዥኑ 300 ዋትም 460 ዋትም ሆኖ ይመጣል፤ አንቺ 460ውን ፈልጊ፤ የካርድ ገመዱም መኖሩን በዓይንሽ እዪ። የብራንድ ጥንካሬና የካርድ ቦታ አንድ ላይ ታገኛለሽ። ጉድለቱ የውስጥ ግራፊክሱ ያረጀ መሆኑ ነው፤ ያንን 4:2:2 ፋይል አይፈታም። 8 ቢት ከሆነ ግን ያለ ችግር ይሠራል።

አሁን ሐዋሳ መሆንሽን እናስብ። አዲስ አበባ ብትሆኚ ብራንድ ማዘርቦርድ ቢቃጠል ተበታትነው ከሚሸጡት መሐል መገናኛም ደምበልም ዞረሽ ታገኚዋለሽ። አንቺ ለአንድ ማዘርቦርድ አውቶቡስ ተሳፍረሽ መምጣትሽ ነው፤ ሰርግ ያለበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ጉድ ፈላ። የተገጣጠመው ግን ሁሉ ነገሩ መደበኛ ነው። ፓወር ቢሞት የትኛውም ባለ 24 ፒን ፓወር ይሰካለታል፣ ሐዋሳም ይገኛል። ለኔ ሚዛኑን ወደ መገጣጠም የሚያዘነብለው ይኸው ነው።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ዘመድ ካለሽና ሊመጣ ከሆነ ሣጥንና ሞኒተር አታሸክሚው። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ ቦታ አይፈጁም። ከቻለ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን። ስም ያለው ፓወር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጽሑፉን አይቶ ይግዛ። የግድግዳ ገመዱን ብቻ እዚህ ትቀይሪያለሽ። ደረሰኙን ይያዝ፤ ጉምሩክ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚይዘው፣ የግድ ነው። ሱቅ ሁሉ የሚደረደረው 650 ቪኤ ለቢሮ ማሽን ነው። እውነተኛ ጉልበቱ 400 ዋት አይሞላም፤ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግሽ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ሲሠሩ መብራት ከሄደ አብሮ ሊጠፋብሽ ይችላል። 1200 ቪኤና ከዚያ በላይ ውሰጂ። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ፋይሉን ሴቭ አድርገሽ ማሽኑን የምታጠፊበት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሱ ሥራ ልቀጥል አትበዪ፣ ባትሪውን ትገድዪዋለሽ።

ልትከፍዪ ስትይ፣ ብራንድ ከሆነ አስነሺውና ባዮስ ውስጥ ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀ የድሮው ድርጅት ቆልፎት ነው፤ ተዪው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አዲስ ሲጫን የማታውቂውን የድርጅት ኢሜይል ከጠየቀም እንደዚያው። የዴል ሰርቪስ ታግ ቁጥሩን ዴል ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው ያሳይሻል። ካርድ ያለበት ከሆነ ጂፒዩ-ዜድ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ስሙ የተቀየረ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያጋጥማት «ፌክ» ብላ ስሙ ላይ ትጽፋለች። ለኤስኤስዲው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ አለ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናውን በመቶኛ ይነግርሻል። ሻጩ ይህንን ስታደርጊ ፊቱ ከጠቆረ መልሱን አግኝተሻል። ከራስሽ ካሜራ አንድ ፋይል ይዘሽ ሄደሽ ሱቁ ውስጥ አጫውቺው፤ ከምንም በላይ እሱ ይነግርሻል። ዋስትና ሲሰጥሽ ደግሞ የካርዱና የማዘርቦርዱ ሴሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄሽ ጎድሏል። የካሜራሽን ሞዴል አልጻፍሽም። ሜኑው ውስጥ ገብተሽ 10 ቢት 4:2:2 እየቀረጽሽ መሆን አለመሆንሽን እዪና ንገሪኝ። ከሆነ 12400ውን አስገጣጥሚ። 8 ቢት ብቻ ከሆነ ግን ጥሩ ፕሪሲዥን 3630 ካገኘሽ ይበቃሻል፤ የተረፈውን ብር ዩፒኤሱና ባክአፕ ዲስክ ላይ አውዪው።