የዘይትና የውሃው ድንበር ከጉድጓድ ጉድጓድ ለምን ይለያያል?

የእህታችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ የያዘችው የባሕር ላይ የነዳጅ መስክ ከ30 ዓመት በላይ ያመረተ ነው። ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ሳይዝሚክ (በድምፅ ሞገድ ማሚቶ የተነሳ የከርሰ ምድር ምስል) እና የ14 ጉድጓዶች ሎግ (በጉድጓዱ ውስጥ አለቱንና ፈሳሹን በየጥልቀቱ የሚመዘግብ ልኬት) አላት፤ የዘይትና የውሃው ድንበር ግን ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል። «በየልዩነቱ መሃል ፎልት (ንብርብሮች ተሰብረው የተንሸራተቱበት ስንጥቅ) ላስገባ? አዲሱን ጉድጓድስ የት ላድርገው?» ትላለች።

ገና እርሳስ አታንሺ። መጀመሪያ ጥልቀቱን አጥሪ። ድሮ አዘንብለው የተቆፈሩ ጉድጓዶች የአቅጣጫ ልኬታቸው ደካማ ነው፤ ጥልቀታቸውም የሚቆጠረው ከየመቆፈሪያው ወለል ነው። ሁሉንም ከባሕር ጠለል በታች ወዳለ ቀጥተኛ ጥልቀት መልሺ፤ የ5 እና የ10 ሜትር ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚሁ ይጠፋል። ቀጥሎ ሎጉ የተነሳበትን ዓመት በየጉድጓዱ አጠገብ ጻፊ። ምርት ከተጀመረ 15 ዓመት ቆይቶ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚያሳየው ወደ ላይ የወጣውን ውሃ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይወዳደርም። ደቃቅ ቀዳዳ ያለው አሸዋ ድንጋይም ውሃን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዝ ሎጉ ድንበሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ግፊትን ከጥልቀት ጋር ሳዪው፦ ጨዋማ ውሃ በአንድ ጫማ ወደ 0.45 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ መካከለኛ ዘይት ወደ 0.35 ይጨምራል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ ነው ትክክለኛው የውሃ ደረጃ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈ ልዩነት ካለ ያኔ ፎልት ይጠርጠር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ፤ የመጀመሪያው ግፊት እኩል መሆኑ ሁለት ክፍሎች መገናኘታቸውን አያረጋግጥም። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ትንሽ ማፍሰስ እንኳ ግፊትን ያስተካክላል፤ በ30 ዓመት ምርት ግን ያው ፎልት ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ምስክሩ ከምርት በኋላ የተለካው ግፊት ነው፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ከቆመ ተዘግቷል። ፎልቱ ይዘጋል ወይ ለማለት በሁለቱ ወገን ምን ከምን ጋር እንደተገጣጠመ አስቀምጪ። አሸዋ ከአሸዋ ከገጠመ በፎልቱ ላይ ተንሸራቶ ያለፈውን ሼል (ፈሳሽ የማያሳልፍ የጭቃ ድንጋይ) ቁጠሪ፦ ፎልቱ 30 ሜትር ወርዶ በዚያ ርቀት 9 ሜትር ሼል ካለፈ 30 በመቶ ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ አብዛኛውን ጊዜ የመዝጋት ዕድል አለው ይባላል።

ጨው ካለ ተጠንቀቂ። ድምፅ በጨው ውስጥ በሰከንድ ወደ 4,500 ሜትር ይሄዳል። የአካባቢው ደለል 3,000 ከሆነ፣ 900 ሜትር ውፍረት ያለው ጨው ከሥሩ ያለውን ንብርብር በደርሶ መልስ ጊዜ በ0.2 ሰከንድ ከፍ ያደርገዋል። ያ በጊዜ ካርታ (በጥልቀት ሳይሆን ማሚቶው በሚመለስበት ጊዜ በተሳለ ካርታ) ላይ የሚታይ፣ በእውን ግን የሌለ የ300 ሜትር ጉብታ ነው! ለመዋቅሩ በጊዜ የተሳለ ካርታ ይዘሽ ጉድጓድ አትምረጪ።

ለአዲስ ጉድጓድ መጀመሪያ የሚታየው ከላይኛው የማምረቻ ቀዳዳ በላይ፣ እስከ ፎልቱ ጥግ የቀረው ዘይት ነው። ቀጥሎ ምንም ጉድጓድ ያልነካው የተዘጋ ክፍል። በሰሜን ባሕር የእንግሊዝ ክፍል ያለው የፎርቲስ የነዳጅ መስክ ምሳሌ ነው፤ በ1970 ተገኝቶ በ1975 ማምረት ጀመረ። አፓቼ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ2003 ከሌላው ኩባንያ ከቢፒ ከገዛው በኋላ በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሳይዝሚኮችን እያነጻጸረ ያልታጠቡ (ዘይታቸው በውሃ ያልተገፋ) ኪሶችን ፈልጎ ቆፍሯል። ፎልቱን ሳይዝሚክ በአሥር ሜትሮች ሊስት ስለሚችል ከጥጉ ትንሽ ራቂ። ከአሮጌ ጉድጓድ ወደ ጎን መቆፈርም ከአዲስ ጉድጓድ ይረክሳል፤ በባሕር ላይ መድረኩ ያሉት የጉድጓድ ቦታዎችም ውስን ናቸው።

ለቁፋሮ ክፍል አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ግፊቱ በወረደ አሸዋ የመቆፈሪያ ጭቃው (ጉድጓዱን በክብደቱ የሚይዘው ፈሳሽ) ይሰርጋል፣ ወዲያው ከሥሩ የተዘጋ ክፍል የድሮውን ግፊት ይዞ ከጠበቀ ጉድጓዱ ይመታል (ፈሳሽ በድንገት ይገባበታል)። ለአንዱ የሚስማማ የጭቃ ክብደት ሌላውን ያበላሻል።

እዚሁ ጅማ አካባቢ ደልቢ-ሞዬ ያለው የድንጋይ ከሰል ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። በእሳተ ገሞራ አለቶች መሃል ባለው ደለል ውስጥ በሁለት ጉድጓዶች በተለያየ ጥልቀት የተገኘ ከሰል አንድ ንብርብር በፎልት ተሰብሮ ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ ንብርብሮች? ጥያቄው ያው ነው፣ ባሕሩ ብቻ ነው የቀረው።

የ14ቱን ጉድጓዶች የግፊት ልኬት ከነዓመቱ እዚህ ለጥፊው፤ የትኞቹ አብረው እንደሚወርዱ ተያይዘን እናያለን።