የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቢሮ የሚሰራው ፓይተን ቤት ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ቢሮ የምጠቀመው ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ነው ቤት ያለው ላፕቶፕ ግን ዊንዶውስ 10። የተማሪዎች ስም ያለበትን የአማርኛ ፋይል አንብቦ የሚያስተካክል አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ቢሮ ላይ ያለምንም ችግር ይሰራል። ቤት ግን "ፓይተን" ብዬ ስጽፍ ማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትብኛል፣ "ፒዋይ" ብለሽ አስነሺው ብለውኝ ሳስነሳው ደግሞ "ቻርማፕ" ምናምን የሚል ኤረር አውጥቶ ይቆማል። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። (አንባቢ ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ናቸው አንድ ላይ የመጡብሽ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ ፓይተን የሚል ስም ያላት ግን ስራዋ ወደ ስቶር መምራት ብቻ የሆነች ትንሽ ፋይል አለችው፣ ዋናው ፓይተን ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ ካልገባ የሚያገኘው እሷን ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ "ዌር ፓይተን" በይው፣ የሚመጣው አድራሻ ውስጥ "ዊንዶውስአፕስ" ብቻ ካየሽ እሷው ናት። ስትጭኚ የመጀመሪያው መስኮት ታች ላይ ፓዝ ውስጥ ልጨምር የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን ምልክት ሳታደርጊ ደጋግመሽ ብትጭኚውም ለውጥ የለውም። "ፒዋይ" የሰራልሽ የተጫኑትን ፓይተኖች ራሱ ፈልጎ ስለሚያስነሳ ነው።

ሁለተኛው፣ የ"ቻርማፕ" ኤረሩ፣ ግን እኛን አማርኛ የምንጽፈውን በጣም ይመለከተናል። ኡቡንቱ ፋይል ሲከፍት ዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ኮድ) ነው ብሎ ያነባል፣ ዊንዶውስ ላይ ያለው ፓይተን ደግሞ ምንም ካልነገርሽው አብዛኛውን ጊዜ ሲፒ-1252 በሚባለው የድሮ የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ነው የሚያነበው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የ"ል" የመጨረሻ ባይት ደግሞ ሲፒ-1252 ውስጥ ምንም ትርጉም ያልተሰጠው ስለሆነ "ሚካኤል" ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ "ም"ም እንደዛው ናት። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የማይወድቀው ነው፦ "ለማ" የሚለው ስም ያለ ኤረር ያልፋል፣ ግን 2 ፊደል መሆኑ ቀርቶ 6 የማይነበብ ምልክት ሆኖ ነው የሚያልፈው፣ እና የሰው ስም እንዲህ ተበላሽቶ ዝርዝር ውስጥ ሲቀመጥ ማንም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ፋይል በከፈትሽበት ቦታ ሁሉ፣ ስትጽፊም ጭምር፣ ኢንኮዲንጉ (የፊደላቱ ኮድ) ዩቲኤፍ-8 ነው ብለሽ ኮዱ ውስጥ አስገቢ። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ የሚስተካከል የዩቲኤፍ-8 ሞድም አለ፣ ግን እሱ የሚጠቅመው አንቺን ብቻ ነው፣ ስክሪፕቱን የስራ ባልደረባሽ ስትወስደው እሷ ጋ ይበላሻል፣ ኮዱ ውስጥ ከሆነ ግን አብሮ ይሄዳል። ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፣ እስከዛ ግን ራስሽ ጻፊው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ 24.04 ጫንኩና በፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) "ፒፕ ኢንስቶል" ስለው "ኤክስተርናሊ ማኔጅድ" ብሎ ከለከለኝ። ጓደኛዬ "ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ" የምትለዋን ጨምርበት አለኝ፣ ልጨምር?

መልስ፦ ወንድሜ አትጨምር። ኡቡንቱ የራሱ ብዙ መሳሪያዎች በዛው ፓይተን ነው የሚሰሩት፣ አንዱን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ቀይረህ ሲስተሙን ልታበላሽ ትችላለህ። በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) "ፓይተን3-ቬንቭ"ን ጫን፣ ለፕሮጀክትህ ቬንቭ (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚሆን የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠርና እሱ ውስጥ እንደልብህ ጫን። ቬንቭ ፎልደሩን ግን በፍላሽ ገልብጠህ ወደ ዊንዶውስ አትውሰደው አይሰራም፣ ውስጡ ያሉት አድራሻዎች የዛ ኮምፒውተር ናቸው፣ ማስነሻውም ሊኑክስና ማክ ላይ "ቢን" ዊንዶውስ ላይ "ስክሪፕትስ" ውስጥ ነው ያለው። በ"ፒፕ ፍሪዝ" የላይብረሪዎቹን ዝርዝር አውጥተህ ዝርዝሩን ብቻ ውሰድ፣ እዛ አዲስ ቬንቭ ፍጠርና ከዝርዝሩ ጫን። ፓወርሼል (ሌላው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ) ስክሪፕት ማስነሳት ተከልክሏል ካለህ ቬንቩን በኮማንድ ፕሮምፕት አስነሳው።