ኩንታል፦ ልኩ ወይስ ጆንያው?

ጥያቄ፦ «ባለ 50 ኪሎ ኩንታል» ሲባል እሰማለሁ። ኩንታል 100 ኪሎ ከሆነ ይህ አነጋገር ስሕተት አይደለም? ደግሞስ «ኩዊንት» በላቲን አምስትን ስለሚያመለክት ቃሉ ከአምስት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። አምስት የለበትም፤ ድምፁ ነው ያሳሳታቸው። ላቲኖች መቶ የያዘውን ነገር «ኬንቴናሪዩም» ይሉ ነበር። ቃሉ በግሪክ በኩል ዞሮ ዐረብኛ ሲገባ «ቂንጣር» ሆነ፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ደግሞ ከዐረቦች መልሰው ወሰዱትና ጫፉን ወደ «ል» ለወጡት። እንግዲህ ሳንቲምም፣ የሴንቲሜትር «ሴንቲ»ም የኩንታል ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም የመቶ ልጆች። ኩንታል መቶ ያበዛል፣ ሳንቲም ለመቶ ይከፍላል።

መቶነቱ ባይናወጥም «መቶ ምን?» የሚለው ግን ከአገር አገር ይለያይ ነበር። የግብፅ ቂንጣር 100 ረጥል፣ ወደ 45 ኪሎ ነው፤ የስፔኑ 100 ሊብራ፣ ወደ 46 ኪሎ። 100 ኪሎ የሆነው በሜትሪክ ሥርዓት ነው፤ እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው።

ወደ እኛ በየት መጣ? በቀጥታ ከዐረብኛ ቢሆን ኖሮ «ሱልጣን» ላይ እንዳለው ጠ፣ «ቃዲ» ላይ እንዳለው ቀ ይቀርለት ነበር። ክ እና ት መያዙ አውሮፓዊ መንገዱን ያሳብቃል። ፈረንሳይኛው «ካንታል» ለሚል ድምፅ ይቀርባል፤ ስለዚህ እኔ ወደ ጣሊያንኛው «ኩዊንታሌ» አደላለሁ።

አሁን ወደ ጆንያው። ቁናና ጣሳ መጀመሪያ ዕቃ ነበሩ፣ ኋላ መስፈሪያ ሆኑ። ኩንታል በተቃራኒው ሄደ፦ ልኩ የመያዣውም ስም ሆነ። «ባለ 50 ኪሎ ኩንታል» የሚል ሰው ስለ ጆንያው ነው የሚያወራው፤ በንግግር ስሕተት አልለውም። «400 ኩንታል የሚጭን መኪና» ወይም «በሄክታር 30 ኩንታል» ሲባል ግን ጆንያ የሚቆጥር የለም፤ ክብደት ብቻ ነው።

ችግሩ ውል ላይ ነው። «20 ኩንታል ሲሚንቶ» ብሎ የፈረመ ገዢ ባለ 50 ኪሎ 40 ከረጢት ይጠብቃል፤ ሻጩ 20 ከረጢት ቢያወርድለት ሁለቱም ቃሉን ይዘው ይሟገታሉ። በጽሑፍ ላይ ለመያዣው ጆንያ ወይም ከረጢት በሉ፤ ኩንታልን ለ100 ኪሎ ተዉት፤ አጠገቡም ኪሎውን ጻፉ።