ጢስ ዓባይ ደርቋል ወይ? ለሦስት ቀን ወደ ባሕር ዳር ለሚመጡ ቤተሰብ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አንድ የቡድናችን አባል እናታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ለሦስት ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት እንዳሰቡ ገልጸው፣ «ጢስ ዓባይ ደርቋል፣ ትርፉ ድካም ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነውን? ከፏፏቴውስ ሌላ ለልጆቼ የማሳያቸው ምን አለ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ባሕር ዳር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው ከእኔ ጋር ስለሆነ ወንዙን ሞልቶም ጎድሎም አይቼዋለሁ። መልሴ ትንሽ ይረዝማልና በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ፏፏቴው አልደረቀም፤ ነገር ግን በየትኛውም ወር ተሂዶ የሚታይ ፏፏቴ አይደለም። ምክንያቱን ማወቅ ወሩን ለመምረጥ ይረዳዎታል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከከተማችን ጥግ ነው፤ ከ1996 ጀምሮ (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መውጫው ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሚለቀቀውን ውኃ ይመጥናል። ወንዙ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ሲደርስ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ በላይ ውኃውን በቦይ የሚጠልፉ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ይጠብቁታል፤ የመጀመሪያው በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል። ሁለተኛው ከተጀመረ በኋላ በበጋ ከገደሉ የሚወርደው ውኃ እጅግ ሳሳ። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስድ፣ ጣና ቀድሞ ለዓባይ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ዛሬ ለሁለት ያካፍላል። መብራቱ አገር የሚያስፈልገው ነው፤ ለእንግዳ ሲነገር ግን ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል።

ደግነቱ ሐይቁ የክረምቱን ውኃ እንደተቀበለ ወዲያው አይለቀውም። ከሐምሌ ጀምሮ ከገባሮቹ የሚያገኘውን እያጠራቀመ አፉ ድረስ የሚሞላው በመስከረም አካባቢ ስለሆነ፣ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ዓባይ ገና ሙሉ ነው። ነሐሴ ላይ የውኃው ኃይል የሚያስፈራ ቢሆንም እንደ አንዳሳ ያሉ ገባሮች በሚያመጡት አፈር ይደፈርሳል፣ የእግር መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ እንዲመጡ እመክራለሁ። ያን ጊዜ ፏፏቴው እስከ 400 ሜትር በሚደርስ ስፋት፣ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ ከታች የሚነሣው እንፋሎት የስፍራውን ስም ራሱ ይነግርዎታል፤ ጢስ ነው። በጧቱ ፀሐይ በዚያ ጢስ ላይ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ እንፋሎቱ የሚደርስበት የገደሉ ጥግም ሌላው አገር ሣሩ በደረቀበት ወር እንኳ ለምለም ነው።

ወሩን አጥብቄ የማነሣው በራሴ የደረሰ ነገር ስላለ ነው። ከዓመታት በፊት አክስቴ ሊጠይቁኝ በሚያዝያ መጥተው ነበር። እኔ በሥራ ምክንያት አብሬያቸው መሄድ ስላልቻልሁ አንድ አስጎብኚ ዘንድ ደውዬ ስለ ውኃው ብጠይቅ «ሙሉ ነው፣ አያስቡ» አለኝ፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ተቀበለ። አክስቴ ማታ ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ ከመቀነታቸው አንዲት አሮጌ የአንድ ብር ኖት ፈትተው ጀርባዋን አሳዩኝ። እንደሚያውቁት በዚያች ኖት ላይ ያለው ጢስ ዓባይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ የሚወርደው ነው። እርሳቸው ግን ጥቁር ቋጥኝ ላይ አንድ ቀጭን ጅረት አይተው መጡ። ኖቷን ገደሉ ፊት ለፊት ይዘው ሲያስተያዩ እንደቆዩ አብሯቸው የሄደው ልጅ ነገረኝ። የሰው ተስፋ በእንዲህ ያለ ነገር እንዳይሰበር፣ የሚያጓጉዝዎትን ሰው ስለ ውኃው መጠን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ቢቻል በዚያው ሳምንት የተነሣ ፎቶግራፍ እንዲያሳይዎት ያድርጉ።

ወደ ፏፏቴው የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግረው በአጭር ርቀት የሚደርሱበት ነው፤ ለእናትዎ የሚሻለው ይህ ነው። ሌላው ከመንደሩ ቁልቁል ወርዶ በጥንቱ የድንጋይ ድልድይ የሚያሻግር፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ከፏፏቴው ፊት ለፊት የሚያቆም ነው። ልጆችዎ እግራቸው ጠንካራ ከሆነ ይህን አያስቀሩባቸው። ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው ይህ ግንብ ከ1607 እስከ 1632 በነገሡት በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ኖራው በእንቁላል ተለውሶ እንደተሠራ የአገሩ ሰው ይናገራል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቦታው ነው፤ ከላይ ያን ያህል ተንጣልሎ የወረደው ወንዝ እዚህ በጠባብ የጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ታፍኖ ያልፋል፣ ግንበኞቹም ይህን ጥበት አይተው ነው የመረጡት። ድልድዩ ደግሞ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በገበያ ቀን ከሄዱ እህል የተጫኑ አህዮች ተሰልፈው ሲሻገሩበት፣ እናቶች ጭነታቸውን በግንቡ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ላብ ሲጠርጉ ያያሉ፤ ለአራት መቶ ዓመት ያህል በኮቴና በእግር የተወለወለውን ድንጋይ ልጆችዎ በእጃቸው ይዳስሱት።

ከፏፏቴው ሌላ ምን አለ ላሉት፣ ፏፏቴውን ለብቻው ነጥሎ ማየት ትልቁ ስሕተት ይመስለኛል፤ ሐይቁም፣ ወንዙም፣ በዳራቸው የሚኖረው ሰውም የተሳሰሩ ናቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ይህ ገደል ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል አጥር ነው። ጣናን ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ገድቦ እንደፈጠረው የሥነ ምድር ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ በዚያ ተነጥሎ የቀረው ዓሣ በረዥም ዘመን ብዙ ዝርያ አፍርቶ፣ ከ15 የማያንሱ የባርበስ ዓይነቶች ከጣና ሌላ በየትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ልክ በዚያ ወቅት የወንዞቹን አፍ በመረብ መዝጋት ዘር ማጥፋት ነው፤ በገበያ ሆዱ እንቁላል የሞላ ዓሣ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከ2011 ወዲህ በሰሜኑ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው የውኃ ላይ አረምም የሚያፍነው ይህንኑ የዓሣውን መዋያና ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው የሚያርሰውን ባሕር ሸሽ መሬት ነው። ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ውኃውን ብቻ ሳይሆን ሰው ከውኃው ጋር የሚኖርበትን ልማድ ጭምር ማካተቱ ትክክል ነበር።

ይህን ልማድ ለልጆች ለማሳየት ከታንኳ የተሻለ አላውቅም። በጧት ወደ ሐይቁ ዳር ቢወርዱ በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ሕዝብ ወገን የሆኑ ሽማግሌ ታንኳ ሲሠሩ ሊያገኙ ይችላሉ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት አጠገብ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ። የደረቀውን ደንገል፣ ማለትም በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረዥም ሣር፣ በነዶ በነዶ ያደርጉና፣ በጉልበታቸው ተጭነው፣ ገመዱን በጥርስና በእጅ እየሳቡ ያጠብቃሉ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሰው ሲያስሩት ያ ሁሉ ሣር በድንገት ጀልባ ሆነ። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ደንገሉ ሁልጊዜ በቅርብ መገኘት አለበት። እኚያ አባት ግን ቀድሞ ከደጃፋቸው ያጭዱት የነበረውን ደንገል ዛሬ ከሩቅ እንደሚያስመጡ ነገሩኝ፤ የደንገሉ ስፍራ እርሻና ግንባታ ሆኗል።

ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ደግሞ ሌላው የማይቀርበት ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዘጌ ምድር ሞፈር አይዞርም፣ ከብትም አይሰማራም፤ ይህን ሥርዓት የአካባቢው ሕዝብ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል የተቀበለው እንደሆነ ይናገራል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚውም ከጻድቁ በትር እንደበቀሉ ትውፊቱ ያስረዳል። ሌላው የጣና ዳር በታረሰበት ዘመን ዘጌ ደን ሆኖ የቀረው በዚህ ሥርዓት ነው። በቡናው ጥላ ሥር ዳገቱን ወጥተው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ የመቅደሱን ግድግዳ ለሚሸፍኑት ሥዕሎች ቢያንስ አንድ ሰዓት ይስጧቸው። የዓባይ ምንጭ የሆነውን ግሽ ዓባይን በዚህ ጉዞ አላስገባውም፤ ሰከላ ድረስ መሄድ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

እንግዲህ በእኔ ምርጫ የመጀመሪያውን ቀን ለዘጌ፣ ሁለተኛውን ለጢስ ዓባይ፣ የሦስተኛውን ጧት ለታንኳ ሠሪዎቹና ለቤዛዊት ኮረብታ ያውሉታል፤ ከኮረብታው ላይ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ሲሄድ ይታያል፣ ዕድል ከቀናዎት ጉማሬም አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ስለሚናወጥ የጀልባ ጉዞዎን በጧት ይጨርሱ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ እናትዎን ይዘው ወደዚያ አይቅዘፉ፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ይቀበላቸዋል። ወደ ጢስ ዓባይ ከመውጣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ዕለት ጧት ይጠይቁ። እንፋሎቱ ሳይታወቅ ስለሚያረጥብ ለእናትዎ ጋቢ፣ ለልጆቹ ቅያሪ ልብስ ይያዙ፤ ወሩን ከወሰኑ በኋላ እዚሁ ቢጽፉልኝ የሳምንቱን የውኃ ሁኔታ አይቼ እነግርዎታለሁ።